ጥራዙ እስኪያልቅ

ግንቦት 15። ባለፈው አርብ እህቴ የዕለቱን የመጀመሪያ ዘፈኗን ለሰባት ሰው ዘፈነች፤ ስልሳ ሰው ደጅ ቆሞ ነበር።

ለተከበሩ የመዝናኛ አዳራሾች ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለክፍልዎ ማኅተም ያዥ ክንድ ብርታት እመኛለሁ። እኔ ሰማንያ ወንበር ባላት ትንሽ የሙዚቃ አዳራሻችን በር ላይ ቲኬት የምቆርጠው ሰው ነኝ፤ መድረክ ላይ የምትዘፍነው ታላቅ እህቴ ናት። ክፍልዎ ስለሰጠን አዲስ የቲኬት ጥራዝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የእያንዳንዱ ገዢ ስም ከነአያት፣ የመታወቂያ ቁጥሩና አድራሻው በእጅ፣ በሦስት ኮፒ እንዲጻፍ ስላዘዙን እናመሰግናለን። አንድ ሰው አራት ደቂቃ ይፈጃል። ባለፈው አርብ አንድ ጎልማሳ የአያቱ ስም ጠፍቶበት እናቱ ጋ ደወለ፤ እናትየዋም ስሙን ከመንገራቸው በፊት የአያትየውን ሕይወት ከልደት እስከ ቀብር ተረኩለት። ከኋላው የቆሙት "ኧረ እናትየዋን አስገባና ይዝፈኑልን!" አሉኝ።

2. በሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲከፈት፣ ዘፈኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዝንፍ ሳይል እንዲጀመር ስለወሰኑልን እናመሰግናለን። ሰባት ሰው የሚለው ቁጥር የተገኘው በዚሁ ስሌት ነው።

3. ሁለት ሆነን እንድንጽፍ ሁለተኛ ጥራዝ ብጠይቅ፣ የመጀመሪያው ሳያልቅ አይሰጥም ተባልኩ። የመጀመሪያው የማያልቀው ብቻውን ስለሆነ ነው ብዬ አስረዳሁ። ጸሐፊዎ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጠውኝ "እንግዲህ ሲያልቅ ይምጡ" አሉኝ።

እህቴ ከመድረክ የሚታያት ባዶ ወንበር ነው። ሰልፉን ብነግራት "አንተ ልጅ፣ አታባብለኝ" አለች። ዛሬም ወንበሩ ካልሞላ ሰኞ ወደ ልብስ ስፌቷ ትመለሳለች፤ ይህንን ስትናገር አላለቀሰችም፣ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ቁጥር የታተመበት፣ አስቀድሞ ማኅተም የተመታበት፣ በር ላይ ቀድጄ የምሰጠው ብጣሽ ወረቀት። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የቢሮዎን አግዳሚ ወንበር ከቤቴ አልጋ አብልጦ የሚያውቀው፣ ትእዛዝዎን አክባሪ፣
የአዳራሿ ቲኬት ቆራጭ

ማስታወሻ፦ ይህንን የጻፍኩት ጥራዙ ላይ በየዝግጅቱ ቀን የሚመታውን ማኅተም ለማስመታት ተራ እየጠበቅኩ እዚሁ ኮሪደርዎ ላይ ነው። ማኅተም ያዡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ሊጠጡ ወጡ፤ አሁን አሥር ተኩል ሆኗል። ሰው መሰለፍ ጀምሯል ብለው ከአዳራሹ ደወሉልኝ። ስለዚህ ጥራዙን ከነስልሳ አንድ ባዶ ቅጠሉ አግዳሚው ላይ ትቼልዎት ወጥቻለሁ። ዛሬ በሩን ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ። ሊያሽጉት ከመጡ ግን ሰልፉን እንዳያጓትቱ፣ የአያትዎን ስም አስታውሰው ይምጡ።