ደረቴን ያልመታሁልህ ለዚህ ነው

አባዬ፣

ከተለያየን አራት ወር አለፈ። ሰው ሁሉ አርባህን አውጥቶ ሲያበቃ ነው እኔ ማልቀስ የጀመርኩት። ይህንንም ደብዳቤ ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኛል፤ ሁለት መስመር እጽፍና ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ።

እማዬ አልጋህን ወደ ጓዳ አስገብታዋለች። ሐይቁ ዳር ያለችውን የመስኖ ሞተርህን ጋሽ ይመር ወንድምህ ይዟታል። ሞተሯ አልነሳ ስትለው ይደበድባታል፤ ብታየው ታብድ ነበር። አንተ ስንቱን ሞተር ስትጠግን መጀመሪያ ጆሮህን ሰጥተህ ነበር በሽታውን የምታውቀው።

የእኔም ቶሎ የገባህ ለዚያ ነው። ሐኪሙ ከልቤ ቫልቮች አንዱ ሦስት ክንፍ ሊኖረው ሲገባ በሁለት ብቻ እንደተወለድኩ፣ አሁን ደግሞ በደንብ እንደማይዘጋ ሲያስረዳ፣ «ታዲያ ውሃው ይመለሳል በለኛ» አልከው። ሰውየውም ሳቀ። ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ስትሸኘኝ፣ የሚተካልኝ ቫልቭ ብረት መሆኑን፣ ሲዘጋም ቀጭ ቀጭ እንደሚል ነገርኩህ። «እኔ ሳልሰማው ርክክብ የለም» ብለህ ቀለድክ።

ቀዶ ሕክምናው ከተሠራልኝ በሦስተኛው ቀን ደወልክልኝ፤ ከዚያ ጠፋህ። እማዬን ስጠይቃት አንዴ አምባሰል ለቅሶ ሄዷል፣ አንዴ ስልኩ ሐይቅ ገባበት ትለኛለች። አኮረፍኩህ። «ሲያሰኘው ይደውል፣ እኔ አልለምነውም በይው» ብዬም በእሷ ላክሁብህ። ያኔ ከተቀበርክ ሳምንት ሆኖህ ነበር። ልቧ አይችልም ብለው ነው የደበቁኝ። ልቤስ ይኸው ቻለ፤ ያልቻልኩት ያቺን ቃሌን ነው።

ወደ ከተማችን ሐይቅ በተመለስኩ ማግስት በማለዳ አረዱኝ። ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሳ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። የተከፈተው የደረቴ አጥንት በሽቦ ታስሮ ገና አልገጠመም ነበር። «ወላሂ አለቅሽም፣ ሁለት ሐዘን አልችልም» እያለች፣ እሷም እያለቀሰች፣ እስኪመሽ አልለቀቀችኝም። ሰው ለአባቱ ደረቱን ይመታል፤ እኔ እጄን ተይዤ ዋልኩ። ለአንተ ያልተመታ ደረት ለማን ሊሆን ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ለደም ምርመራ ደሴ ስሄድ፣ ሐኪሟ አጥንትሽ ገጥሟል፣ ከእንግዲህ እንደ ልብሽ አለችኝ። ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት እንኳ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንተ ጋ መጣሁ። የከለከሉኝን ላደርግ እጄን አነሳሁ። ግቢው ጭር ብሎ ነበርና ያ ቀጭ ቀጭ ተሰማኝ። አንተ ልትሰማው ስትጠብቅ የነበረውን ነገር እንዴት በጡጫ ልምታው? እጄን መለስኩና መቃብርህ ላይ በደረቴ ተኛሁ። ያየኝ ሰው አብዳለች ቢል ይበል።

ከእንግዲህ አላኮርፍህም። ይህ ብረት ቀንም ሌትም አያርፍም፤ ቀጭ ባለ ቁጥር አስብሃለሁ። አሁን ጆሮህን ስጥና ስማው፣ አባዬ። ውሃው አይመለስም።