«በፉን» ብዬ የተረጎምኳት ሰዓዳ

ሰኞ

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው!» አለችኝ ሩት፣ ሰባተኛ ክፍል የገባችው ልጄ። እራት ላይ ሆነን፣ ዓርብ ስላገኘኋት አንዲት ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል እየተኩራራሁ ነበር። «በፉን»። የጎረሰችውን ሳትውጥ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው።

ዓርብ ሰዓዳ የምትባል ወጣት ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የትርጉም ቢሯችን መጣች። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስድስት ዓመት በረዳት መምህርነት ሠርታለች። የቀድሞ ዳይሬክተሯ የጻፉላትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት። «ምስጉን ጠባይ ያላት፣ ቀልደኛ፣ እያለቀሰ የመጣ ሕፃን ሁሉ እየሳቀ የሚውልላት» ይላል። «ፈኒ» ልል ነበር፤ አነሰችብኝ። ሰው ከፍሎ እንዲህ ያለች ሚጢጢ ቃል ይዞ ይሂድ? አሮጌውን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፣ ከበድ የምትለውን መረጥኩ፣ ማኅተም ተመታባት።

ሐሙስ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ፣ የውጭ ዜጎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ለሥራ ትጠየቃለች። ወረቀቷ ደግሞ «ይህች ሴት መሳቂያ ናት» ይላል። በእኔ ፊርማ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት እኔን ነው።

ማክሰኞ

ከሩትና ከወፍራሙ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የለቀምኩት፦

ክላውን፦ አፍንጫውን ቀይ አድርጎ ልጆችን ለሚያስቅ ሰው የሥራ ስሙ ነው። ሌላውን ሰው ሲሉት ግን ንቀት።
በፉን፦ ሲያስቅ ራሱን የሚያዋርድ፣ የማይረባ። ጋዜጣ ላይ ባለሥልጣን ይሰድቡበታል። (ወይኔ!)
ጄስተር፦ የድሮ ነገሥታት አጫዋች። ዛሬ ማን ይቀጥረዋል?
ሲሊ፦ ለሕፃን በፍቅር ይባላል። ለአዋቂ በቁጣ።
ጉፊ፦ ደስ ትላለች። ሩት ጓደኞቿን የምትልበት ነው፤ ደብዳቤ ላይ ግን አትሆንም።
ፕሌይፉል፦ ጨዋታ ወዳድ። ምንም እድፍ የለባትም።

የእኔ አሮጌ መዝገበ ቃላት ከእነዚህ ግማሾቹን «ቀልደኛ» ብሎ አልፏቸዋል። ሃያ ዓመት አምኜዋለሁ።

የቢሮው ባለቤት ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። «ማን ያነበዋል ብለህ ነው? የወጣ ማኅተም አይመለስም። ዝም በል» አሉኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የማኅተም ወለምታማ በምን ይታሻል?

ሰዓዳ ጋ አምስት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም።

ረቡዕ

ጠዋት ራሷ ደወለች። ነገርኳት። «ቅዳሜ እኮ አስገብቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ነይ» አልኳት።

ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች መጣች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ሥራው አልነበረም። «እትዬ ሰድበውኝ ነው? እኔ እኮ እንደ እናቴ ነበር የማያቸው» አለች። ዳይሬክተሯን ነው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ይህን አላሰብኩም ነበር። «አይደለም፣ እሳቸው አሞግሰውሻል። የሰደብኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቃላቱን አንድ በአንድ አነበብኩላት። አዳምጣ አዳምጣ፣ «ሕፃኑ ሲያለቅስ ጫማውን አወልቄ ጆሮዬ ላይ አደርግና ‹ሃሎ፣ ማን ልበል?› እላለሁ። ታዲያ እኔ የቷ ነኝ?» አለች። ፕሌይፉልን አሳየኋት። ደጋግማ አለቻት። «ይቺ ጥሩ ናት፤ ሰው ታስመስላለች።»

አዲስ ትርጉም ሠራሁ። ከሥሩ አንድ ደብዳቤ ጨመርኩ፤ ስሕተቱ የተርጓሚው እንጂ የዳይሬክተሯም የሰዓዳም አለመሆኑን በስሜ ጽፌ ፈረምኩ። ጋሽ ታደሰ አነበቡት፣ አጉረመረሙ፣ ከሥራ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ከዚያ ማኅተሙን ወደ እኔ ገፉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔ አላየሁም» አሉ።

ሐሙስ

አራት ሰዓት፦ አሁን ገብታለች።
አምስት ሰዓት፦ ምንም።
ሰባት ሰዓት፦ የአንድ ሰው የልደት ሰርተፊኬት ትርጉም ላይ የአባቱን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ቀደድኩት።
አሥር ሰዓት፦ ስልኳ ዝግ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቢሮ ጎራ ያለችው ሩት «አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ የምትፈተን የምትመስለው» አለችኝ። አልተሳሳተችም።

ዓርብ

መጣች! ገና በሩ ላይ ሆና ጥርሷ ይታያል።

ጠያቂዋ ፈረንጅ ሴትዮ የመጀመሪያውን ወረቀት ሰኞ አንብባ ወደ ጎን አድርጋው ነበር አለችኝ ሰዓዳ። የሐሙሱን ቀጠሮ ያልሰረዘችው እንዲያው ለወጉ ነው። አዲሱን ትርጉምና የእኔን ደብዳቤ ስታነብ ግን ቀና አለችና «ልጆቹን እንዴት እንደምታስቂያቸው እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። ሰዓዳ ምን ታድርግ፣ የራሷን ጫማ አወለቀች። ሴትዮዋ እስክታነባ ሳቀች። ሰዓዳ ለሦስት ወር ሙከራ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ስልኳ የተዘጋው ባትሪው አልቆባት ነው፤ እኔ ደግሞ ስንቱን አሰብኩ።

እፎይ አልኩ። ጋሽ ታደሰ እንኳን ሻይ አዘዙ።

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች። ጎንበስ ብላ አንድ እግር ጫማዋን አወለቀችና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ሃሎ? ጋሼ በፉን ነዎት?»

ጋሽ ታደሰን ሻዩ ትን አላቸው። እኔም ወንበሬን ይዤ ሳቅሁ። ቃሏ ትክክለኛ ባለቤቷን አገኘች።