የከብት ማጠጫው ዋርካ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር የታሪክ ሰሌዳው ዛሬ ተመረቀ። ያስተከለው ሰውዬ ያባቴን ታሪክ ከእኔ ሰምቶ፣ በታንኳ ሰው ያሻግር የነበረው የራሱ አያት ነው ብሎ አጻፈበት። እንዲህ ሊያጽፍ መሆኑን አስቀድሜ ሰምቼ ስለነበር፣ የድሮው መሻገሪያ የቱ ጋ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሆን ብዬ ሌላ ቦታ፣ የከብት ማጠጫውን ዋርካ አሳየሁት፤ ሰሌዳውንም እዚያው አስተከለ። ዛሬ እዚያ ቆሞ ሲጨበጨብለት ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንድ ቀን አገሩን የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ያዋርደዋል።

እናቴ ግን ሳትነግረኝ ከአቃቂ በባጃጅ መጣች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል።

"አባትህ ታንኳውን የሚያስረው እዚህ ጋ ነበር?" አለችኝ።

ሰውዬው አጠገባችን ስለነበር "አዎ፣ እማዬ" አልኳት።

ጎንበስ ብላ አፈሩን ቆነጠረችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ስሞት አብራችሁ ቅበሩልኝ" አለች።

እስካሁን አልነገርኳትም። መጀመሪያ እሱ ይዋረድ።