የሐሙሷ እንግዳ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ ማብቀሏን በስልክ የነገርካት ዕለት እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ፣ ጥርስ ያበቀለችው ራሷ መስላ ዋለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቴን ትላለች እንጂ አንደበቷ ደህና ነው። አባዬም እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ግን የእንጨት መላጊያውን አልጣለም። እኔ እንደምታውቀው ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም እውላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስህተት ሲያድን የዋለ ዓይን ቤት ሲገባም አያርፍ ኖሯል፤ ይህን የምጽፍልህም እሱ ስላላረፈልኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ከስልኩ አጠገብ አትጠፋም። አደራህን ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። አንድ ሐሙስ ቤት ስገባ ከአባዬ የእንጨት ሥራ ክፍል የሴት ድምፅ ሰማሁ። በሩ ተዘግቷል። አባዬ መቼ ነው ያን በር ዘግቶ የሚያውቀው? አቧራው ያፍነዋል። እማዬን ማን ናት ብላት "ቁም ሳጥን ልታሠራ የመጣች ናት" ብላኝ ሬድዮኑን ከፍ አደረገችው። እማዬና ሬድዮ የሚገናኙት ለዜና ብቻ ነው። ያን ሰዓት የሚወራው ስለ ዶሮ እርባታ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዶሮ እንደምትፈራ ታውቃለህ።

በሳምንቱም መጣች። በሳምንቱም። "ኧረ ይሄ ቁም ሳጥን ስንት በር ቢኖረው ነው?" አልኳት እማዬን። "አንቺ ልጅ ነገር ከድንጋይ ትጨምቂያለሽ" አለችኝ፤ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ሻይ ይዤ ልግባ ስል እንኳ ትሪውን ከእጄ ቀማችኝ።

በአራተኛው ሐሙስ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ስትወጣ ጠበቅኋት። በዕድሜ ከእኔ ከፍ፣ ከአንተ ዝቅ ያለች ቀጭን ሴት ናት፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ረስታው ወጥታለች። ግራ እግሯን ትጎትታለች። ያኔ ዐወቅኋት። አሥራ ስምንት ዓመት በቤታችን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም፤ "ያቺ ልጅ" ብቻ ነበረች።

ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን ብዕሬ አልፎ መሄድ አልፈለገም። አባዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ አናጢ፣ ቅዳሜ ደግሞ የዱር ሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች ሰብስቦ ጫካ ይወስዳቸዋል፤ ድንኳን መትከል፣ እሳት ማንደድ፣ ወንዝ በገመድ መሻገር ያስተምራቸዋል። ሲደክማቸው ዛፍ ሥር ቁጭ አድርጎ ቃሉን ያነብላቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። "አባ ገመድ" ነበር የሚሉት። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን እኛም ጓዛችንን ጠቅልለን አብረነው ነበር። አንተ ቀኝ እጁ ነበርክ፤ እኔ ግን እግር እግራችሁን የምከተል ጥጃ ነበርኩ። ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። የገመዱ ድልድይ ተፈታ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድንጋይ ላይ ወደቀች። እሑድ አባዬ በጉባኤው ፊት ቆሞ "ቋጠሮውን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለ። ካምፑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ገመድ የሚባል ነገር በእጁ አልነካም፤ ልብስ ማስጫችን እንኳ ሽቦ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰውና ያቺ ሴት በተዘጋ በር ውስጥ ምን ያወራሉ? አንድ ሺህ ነገር አሰብኩ። ልትከስሰው ይሆን? እያስፈራራችው ይሆን? ደግሞ በማግስቱ ክፍሉን ስጠርግ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ ከፍቅፋቂው ጀርባ፣ ያልተነካ አዲስ የገመድ ጥቅል አገኘሁ። ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን የመጣብኝን ሐሳብ በወረቀት ላይ ማስፈር እፈራለሁ። በር የሚዘጋ ሽማግሌ፣ የቆየ በደል፣ አዲስ ገመድ። ጥቅሉን ወስጄ ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት። አባዬ ሁለት ቀን ሲፈልገው ዋለ፤ ምን ጠፋብህ ስለው "ምንም" ይላል። በኋላ እማዬ አገኘችውና "በቤቴ ሌባ አሳድጌ ኖሯል!" ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ዐውቃ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

በተከታዩ ሐሙስ ያደረግሁትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እማዬ ጎረቤት ስትሄድ ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"እንደገና" ይላል አባዬ። "ሳትቸኩይ። ጫፏን ወደ ውስጥ መልሻት።"

እያስተማራት ነበር፤ ቋጠሮ! ከንግግራቸው እንደገባኝ፣ ልብስ ሰፊዋ የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች ተረክባ ካምፑን ልትከፍት ነው። ከማን ልማር ብላ ብታስብ እሱ ጋ መጣች። ሰው እንዳይሰማ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንዳይከለክሏት ፈርተው ነው። እፎይ ብዬ ልሄድ ስል ድምፅዋ ለወጥ አለ።

"እርስዎ እንዳላሰሩት አውቃለሁ እኮ" አለችው። "ተራዬን ስጠብቅ ዛፉ ሥር ቆሜ ነበር። ማን ሲያስረው እንዳየሁ ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም።"

የራሴ ልብ በሩን የሚያንኳኳ መሰለኝ። ከዚያ አባዬ ቀስ ብሎ፣ "ሁለት ጊዜ አዙሪያት፣ ልጄ" አላት። "አዎ። አሁን ሳቢ።"



እኔ እዚያው በባዶ እግሬ እንደቆምኩ አሥራ ስምንት ዓመት ወደኋላ ተመለስኩ። ያን ጠዋት ሰባት ዓመቴ ነበር። ከወንዙ ስመለስ እሾህ ወግቶኝ ጫካውን በጩኸት ሞላሁት። አባዬ እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንኳናችን ውስጥ በመርፌ ሲያወጣልኝ ነበር፤ እንዳላለቅስ የዛፎቹን ስም ያስቆጥረኛል። ያንን የልጆች ጩኸት የሰማነው አብረን ነው። መርፌው ከእጁ ሲወድቅ አይቻለሁ። ታዲያ ገመዱን መቼ አሰረው? ያን ጊዜ ለእማዬ ይህንኑ ብነግራት መዳፏን አፌ ላይ ጫነችና "ሕልም ነው፣ ሕፃን ስለሆንሽ ተምታቶብሽ ነው" አለችኝ። ሕልም ነው ብዬ አደግሁ። ሰው ሁሉ "የአባ ገመድ ልጅ" እያለ ሲጠቋቆምብኝ አባቴን ጠላሁት፤ አፍሬበትም አውቃለሁ። አሁን የማፍረው በራሴ ነው።

ልብስ ሰፊዋን እስከ መንገዱ ሸኘኋትና ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ሳቅ አለችና፣ "አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር እኮ" አለችኝ። ትንሽ ሄድ ብላ ዞረችና "ደህና ነው ግን?" አለች። ማን ብዬ ሳልጠይቅ ደህና ነው አልኳት።

ማታ እማዬን ያዝኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። መጀመሪያ ልትቆጣ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ የአባዬን ሸሚዝ ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠች። "ሁለት ልጅ ነው ያለኝ" አለችኝ። "አባታችሁ በአንድ ቃል ሁለታችሁንም አወጣ። አንቺ ደግሞ አሁን አንዱን ልትከቺው ነው?" "እኔን ከምን አወጣኝ?" አልኳት። "አባትሽን ከገመዱ አጠገብ ያስነሳው የማን ጩኸት ይመስልሻል?" አለች።

ወንድም ጋሼ፣ በሰው ላይ ያነሳሁት ዱላ ዞሮ ራሴን መታኝ። ለአንተ ልጽፍ ያሰብኩት ደብዳቤ ሌላ ነበር። ያኛውን ቀድጄዋለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬን ብቻውን አገኘሁት። ለምን ዋሸህ አልኩት፤ እንዲህ ደፍሬው አላውቅም። አልተቆጣም። "አልዋሸሁም" አለ። "ልጆች በሚሻገሩበት ገመድ ላይ የመጨረሻ እጅ የሚያሳርፍ አንድ ሰው አለ። እኔ ነበርኩ። እጄን ሳላሳርፍበት ሄድኩ።" የቀረውስ አልኩት። "የቀረው የእኔ አይደለም። ባለቤቱ አንድ ቀን ያመጣልኛል።" አሥራ ስምንት ዓመት? ብለው "እንጨት እንኳ እስኪደርቅ ይጠበቃል" ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አንተንም አልጠይቅህም። ከአደጋው በኋላ በወሩ ሻንጣህን ይዘህ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስትሄድ በር ላይ ለምን እንደዚያ እንዳለቀስክ አሁን አሁን እያሰብኩ ነው። ያኔ ስለምትናፍቀን መስሎኝ ነበር። ለዓመታት ስትመጣ ለምን አንድ ቀን ብቻ አድረህ እንደምትመለስ፣ ከአባዬ ጋር ብቻችሁን እንዳትሆኑ ሁልጊዜ አንዱን ልጅህን ለምን እንደምትታቀፍም አስባለሁ። ተጠራጣሪ ነሽ በለኝ። ብሳሳት ደስ ይለኛል፤ በሕይወቴ እንደዚህ መሳሳት የፈለግሁበት ነገር የለም።

የሚመጣው ሳይሆን የዚያኛው ሳምንት ቅዳሜ ካምፑ ይከፈታል። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ተንጫጩ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን "የተሰበረው የእኔ እግር ነው፤ እኔ ካልኩ ማን ምን አገባው?" ብላ አፋቸውን አስያዘች። አርባ ወጣት ተመዝግቧል። አባዬ ፊታቸው ቆሞ ስለ ገመድ እንዲነግራቸው ለመነችው፤ እሺ አለ። ልጆች ናቸው፣ ወሬውን ሰምተዋል፣ አንዱ መጠየቁ አይቀርም። አባዬም የሚመልሰውን ዐውቃለሁ፤ "እኔ ነኝ" ይላል። እኔ እዚያ እቆማለሁ። እማዬ አፌን የያዘችኝ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት ነኝ። ምን እንደማደርግ እኔም ራሴ አላውቀውም። ዓርብ ጠዋት የሚነሳው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ እዚህ ያደርስሃል። ልጆቹን ትተሃቸው ና።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ደብዳቤውን ማሸግ አልቻልኩም። ባለፈው ወር የሰበክኸውን፣ "አባቴ አላልቶ ባሰረው ቋጠሮ አንዲት ልጅ ወደቀች፤ እኔ ግን አባቴን ይቅር አልኩት" ያልክበትን፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ አሰማችኝ። ሕዝቡ ሲያለቅስ ይሰማል። አባዬ እንዳይሰማው ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቀድሞ ልኮለት ኖሯል። ሥራ ክፍሉ ስገባ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቁጭ ብሏል። እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ "ድምፁ ጎርነን አላለብሽም?" አለኝ። "ጉንፋን ይዞት እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂው።"

ይኸው ጠየቅሁህ።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ባለቤትህንና ልጆችህን በጥላው ይሰውርልህ። የእማዬ ምርቃት ይከተልህ፤ የአባዬን ራስህ መጥተህ ተቀበል።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ