እያነበብን ያነደድናቸው የሪሃብ መጻሕፍት

የሜሮን አባት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ ነው አፈር ያለበስኩህ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ ዋሽቼህ አላውቅም። በሕይወት አለሁ፣ ሜሮንም አለች። ከተለየኸን ይኸው ዓመት ሞላ። ተዝካር እንዳላወጣልህ ቄሱም ተሰደዋል፣ ጎረቤቱም ተበትኗል፤ ሙት ዓመትህን በምን ላስበው ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና እስክሪብቶ አነሳሁ። አንተ መቼም «እሷ ሲከፋት ወይ ትሳደባለች ወይ ትጽፋለች» ትል ነበር። ዛሬ ሁለቱንም ላደርግ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። አሁን ያለነው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው፤ ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር አንድ ክፍል ተጋርተናል። ጠዋት ጠዋት ገበያው አፍ ላይ ሻይ አፈላለሁ፤ ሜሮን ደግሞ ልጊማት የሚሉትን ድቡልቡል ጣፋጭ ትጠብሳለች። በቁመት በልጣኛለች። ሳቋ ያንተ ነው፣ ቁጣዋ የኔ ነው፤ እግዜር ይርዳት። እናትህም መርዶውን ሰምተዋል። በስልክ እንዳይነገራቸው ወንድምህን አስምዬው ነበርና ሽማግሌ ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ቆሞ ነገራቸው። አንድ ነገር እንኳ በወጉ ተደረገልህ።

ያችን ቀን ዛሬም እረግማታለሁ። ካፉሪ ሰፈር የምትጠብቀው ቤት ባለቤቶች ወደ ካይሮ ሲሸሹ ቁልፉን መዳፍህ ላይ አኖሩና «አማና» አሉህ። አንተም «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ብለህ በክር አንገትህ ላይ አሰርከው። እኔ ያኔውኑ ጣልልኝ ብዬህ ነበር፤ ቤቱ የነሱ፣ ጦርነቱ የነሱ፣ እኛ ምን ቤት ነን ብዬህ ነበር። አንተ ግን ዘበኛ ነህ፤ ሌላ ነገር መሆን አታውቅበትም።

ታጣቂዎቹ በሩን በሰደፍ ሲደበድቡት እኔና ሜሮን ከዘበኛ ቤቷ አልጋ ሥር ነበርን። አንዱ «ወይን አልመፍታሕ?» ሲልህ ሰማሁት፤ ቁልፉ የታለ ማለቱ ነው። አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ ረጋ ብለህ፣ ቁልፉ የኔ አይደለም፣ የሰው ነው አልከው። የሰው ነው! ክላሽ ግንባሩ ላይ የተደገነበት ሰው እንዲህ ይላል? ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ስወጣ ግማሽ ፊትህ የለም። ቁልፉን ከነክሩ በጥሰው፣ ያንን ቡናማ ጃኬትህን ገፈው፣ በላይህ ላይ ተራምደው ገቡ። ድልድዩ ተዘግቷል፣ መንገዱ ላይ ተኳሽ አለ፣ ወደ መቃብር የሚሸከምህ ሰው የለም። እኔና ልጅህ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር በአካፋና በድስት ክዳን ቆፈርን። እያለቀስኩ አልነበረም የቆፈርኩት፤ እየተሳደብኩ ነው። የሰደብኩት አንተን ነው።

ወርቁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የመስኮቱን ፍሬም ሳይቀር ነቅለው ጫኑ። መጽሐፍ የሚሰርቅ ሌባ ግን የለም። የቤቱ ልጅ የሪሃብ መደርደሪያ እንዳለ ቀረ። በሜሮን ዕድሜ ላሉ ልጆች የተጻፉ ልቦለዶችና ቀጫጭን የግጥም መጻሕፍት ናቸው፣ ሁሉም በዓረብኛ። ጋዝ ካለቀ፣ አልጋና ወንበሩም ከነደደ በኋላ አንድ ክንድ ሙሉ አቀፍኩና ወደ ምድጃው ልሄድ ስል ሜሮን በሩ ላይ ተገትራ «እማዬ፣ ይሄ የሰው ነው» አለችኝ። ያንተኑ ቃል! በጥፊ ልላት እጄን ሰነዘርኩ። «አባትሽን የበላው ይሄ ቃል ነው!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም ጮኸች። መቼም ሁለታችን ስንጮህ ታውቀናለህ። በመጨረሻ «እሺ እናንድደው፤ ሳናነበው ግን አይሆንም። ሪሃብ ስትመጣ ባይሆን ታሪኩን እንነግራታለን» አለች። በዚህ ተስማማን።

እንዲህ ሆኖ ለወራት ስናነብ ከረምን። ከሰዓት በኋላ ዳና የሚሉት የከባድ መሣሪያ ጥይት መውደቅ ሲጀምር ከደረጃው ሥር እንገባለን፤ እሳቱንም እዚያው ደፍ ላይ እናያይዛለን። እኔ የዓረብኛ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ፤ የጓዳና የገበያ ቋንቋ ነው ያለኝ። ሜሮን አንዱን ቅጠል በዓይኗ ታነብና በአማርኛ ትነግረኛለች፤ ከዚያ ቅጠሉን ቀድዳ ታቀብለኛለች፤ እኔ ድስቱ ሥር እከተዋለሁ። አማርኛዋ ደግሞ ዓረብኛ ትምህርት ቤት ያስገባሃት ያንተው ጥፋት ነው። «ልጅቷ ዘዕላና ሆነች… ማለት፣ ተቆጣች አይደለም እማዬ፣ ምንድነው… ከፋት!» እያለች ምስሩ ያርርብኛል።

ስንቱን ጉድ ሰማሁ መሰለህ። ከአዳሪ ትምህርት ቤት አጥር ዘለው በባቡር የጠፉ መንትዮች ነበሩ፤ እነሱን ወደድኳቸው። አንዷ ሀብታም ደግሞ ወንድ አላየኝም ብላ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ስታለቅስ ትከርማለች። ከውጭ አጥሩ በዳና እየተናደ፣ የጎረቤቱ ዘበኛ አስከሬን ሦስተኛ ቀኑን ከመንገድ ሳይነሳ፣ እኔ ለሷ ልዘንላት? «ይችን ሳትጨርሺም ማግጃት!» አልኳት። ሜሮን ግን እስከ መጨረሻዋ ቅጠል አነበበችው። ሕግ ሕግ ነው አለችኝ፣ ልክ እንዳንተ።

ግጥሞቹ ቶሎ ይነዳሉ እንጂ ፍም የላቸውም። የሆነ ሆኖ ለቅሶ አላለቀስኩልህም ነበር፤ ድምፅ ካወጣን ይሰሙናል። አንድ ቀን ሜሮን ደጅ ቆሞ በር የሚጠብቅ ሰው ያለበት ግጥም ስትነግረኝ ደረቴን ቀስ እያደረግኩ እየመታሁ፣ በሹክሹክታ ሙሾ አወረድኩልህ፤

በር ጠባቂው ሞቶ በሩ ተከፍቷል፣
እኔን ማን ይጠብቅ ጌታዬ ተኝቷል።

ሜሮን እስክጨርስ ታገሰችኝና «እማዬ፣ ይሄ እኮ የፍቅር ነው። ልጁ ልጅቷ በር አልከፈተችለትም፣ ለዛ ነው» አለችኝ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ አንተ ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያችን ነው። ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ፍራሽ ጭነን ካፉሪ የገባን ዕለት ከነፍራሹ መንገድ ላይ የወደቅክ ጊዜ የሳቅነውን ሳቅ አስታወሰኝ። ከዚያ ዳናው የጎረቤቱን ጣሪያ ገነጠለውና በሆዳችን ተደፋን።

አሁን ልነግርህ ወደ ፈለግኩት ልምጣ። የገደለህ ሰውዬ ከነጓደኞቹ ተመልሶ መጣና ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቪላ ያዘ። ያወቅሁት በጃኬትህ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ስንዞር ውለን እኔ የመረጥኩልህን ጃኬት፣ ክንዱ ላይ ደምህ ደርቆ፣ ለብሶት ይዞራል። ምግብ እንዳበስልላቸው ያዘዘኝ እሱ ነው። እምቢ ብዬ በሰደፍ ጎኔን ብሎኛል፤ ዛሬም ሲበርድ ያመኛል። ማን እንደሆንኩም ያውቃል። አንድ ቀን በልቶ ሲጨርስ ጥርሱን እየፋቀ «ያ ጋፊር መጅኑን ነበር። መፍታሑን ቢሰጠኝ ኖሮ ይሄኔ አብሮን ይበላ ነበር» አለኝ። ዘበኛው እብድ ነበር ማለቱ ነው። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳህኑን አነሳሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እሱን ከመግደል በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከቤቱ ጓዳ ያገኘሁትን የአይጥ መርዝ በጨርቅ ቋጥሬ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ለሜሮን ትንፍሽ አላልኩም። እነሱ ቢሞቱ ሌሎቹ መጥተው እኔንም ልጄንም እንደሚያርዱን ጠፍቶኝ አይደለም። አውቄው ነው፤ ግን ደም ፍላት ሒሳብ አያውቅም።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ የዘረፉትን ፍየል አርደው ሥጋውን እግሬ ሥር ወረወሩልኝና «ያላ ሐበሺያ፣ አሲዳ!» አሉኝ። እንደ ገንፎ ያለውን አሲዳ ከነወጡ ማለታቸው ነው። ዛሬ ነው አልኩ። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ሜሮን ለቀናት ስንከታተለው የቆየነውን መጽሐፍ ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። አንድ ጀልባ ነጂ አባቷን የገደለባት ልጅ ታሪክ ነው። ገዳዩን ከወደብ ወደብ ስታሳድደው ከርማ፣ በመጨረሻ ሰክሮ ተኝቶ አገኘችው፤ ቢላዋው በእጇ ነው። እኔ ድስቱን እያማሰልኩ ጆሮዬ ሁሉ እሷ ጋ ነው። በይው፣ ምን ትጠብቂያለሽ እላለሁ በልቤ። ልጅቷ ስትወጋው እኔም እነሰንሰዋለሁ ብዬ መቀነቴን መፍታት ጀመርኩ።

ሜሮን የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ዝም ብላ አነበበች፤ ቆየችብኝ። ከዚያ ቀና ሳትል «እማዬ፣ ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠችው» አለች። «ከገደልኩት እስክሞት አብሮኝ ይኖራል አለች። እኔ ግን መኖር የምፈልገው ከአባቴ ጋር ነው፣ ለሁለት ሰው ቦታ የለኝም አለች። ከዛ ወጥታ ሄደች። ኸላስ፣ አለቀ።» ቅጠሎቹን ቀደደችና ሁልጊዜ ለእኔ እንደምታቀብለኝ ሳታቀብለኝ ራሷ እሳቱ ውስጥ ከተተቻቸው።

ጅል ልጅ አልኩ፤ የመጽሐፉን ልጅ ነው። ግን እጄ መቀነቴ ላይ ቀረ። ድስቱ ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው አልኳት። ሽንት ቤት ገብቼ ቋጠሮውን ከነጨርቁ ጣልኩት። ሰውዬው በላ፣ ጣቱን ላሰና «የዲኪ አልዓፍያ» አለኝ። ጤና ይስጥሽ ነው፤ አንተን የገደለ አፍ መረቀኝ። ከሳምንታት በኋላ ጦርነቱ ወደዚያ ሰፈር ሲዞር ሌሊቱን ጭነው ሄዱ። ጃኬትህም አብሮ ሄደ። ይኑር ይሙት አላውቅም። እኛም መንገዱ ሲከፈት በእግራችን ወጣን።

ሪሃብ ከካይሮ የደወለችልኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ሜሮን ዱቄት ልትገዛ ወጥታ ነበር። መሞትህን ከሰው ሰምታ ኖሮ መጀመሪያ ስላንተ አለቀሰች፤ ቤቱን አንዴም አልጠየቀችኝም። ስለ ቤቱ ባለቤቶች የነበረኝ ክፉ ሐሳብ በሷ በኩል እንኳ ትንሽ ቀለለልኝ። መጻሕፍቷን እንዳነደድናቸው ነገርኳት። «ፊዳኩም ያ ኻላ» አለችኝ፤ ቤዛ ይሁኑላችሁ አክስቴ እንደ ማለት ነው። የትኛውን ወደድሽ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ያችን ቢላዋዋን ጥላ የሄደችውን ልጅ አልኳት።

«ቢላዋዋን ጥላ?» አለችኝ። ከዚያ «ኻላ፣ እሷ እኮ ገደለችው» አለች። «አንገቱን አረደችውና እጇን በወንዙ ታጠበች። እናቴ ደም አለበት ብላ ልትነጥቀኝ የነበረው እሱን መጽሐፍ ነው።»

ሜሮን ዱቄቷን ይዛ ስትመለስ፣ ሊጡን ስታቦካ፣ ዘይቱ ውስጥ ስትጥል ቆሜ አየኋት። አልጠየቅኳትም፤ ምን ብዬ? መቀነቴን ስነካካ ከስንት ቀን ጀምሮ ስታየኝ እንደነበር አሁን ገባኝ። አየህ የሜሮን አባት፣ ያንን ገጽ ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። እሷም ከእኔ እኩል ቆፍራ ነው የቀበረችህ፤ ጃኬትህ ከአጥር ማዶ ሲስቅ እሷም ትሰማው ነበር። ግደይው የሚል ወረቀት በእጇ ይዛ፣ አጠገቧ እናቷ መርዝ ስትፈታ እያየች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ መጨረሻ ፈጠረች። እንዲያ ያለ ነገር ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።

ለሰውዬው ምሕረት አድርጌያለሁ እንዳይመስልህ። ዛሬም ገበያ ውስጥ ቡናማ ጃኬት ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። አንተን ግን አልረሳህም። ከኒሙ ሥር አንስቼ በወጉ እስካሳርፍህ፣ ከዚያም በኋላ፣ በየዓመቱ ስምህን እጠራለሁ። ስጠራህ ያ ሰው ከኋላህ ተከትሎ አይገባም፤ ልጅህ በሩን ዘግታበታለች።

የሜሮን እናት