ስሜን ከእናቴ መደብ ላይ ለወረሱት ለገበያችን ሹም

ለክቡር ግራዝማች ሙሉአለም
ሆሳዕና፣ ጥቅምት 1959 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ እንዲበረታ፣ የቀን እንቅልፍዎንም የድሃ አቤቱታ እንዳያቋርጠው እመኛለሁ፤ እስካሁን እንዳላቋረጠው የቢሮዎ ዘበኛ አረጋግጦልኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከስሜ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እናቴ ወይዘሮ ጣቢታ ከጨርቅ ቁራጭና ከእንሰት ቃጫ አሻንጉሊት እየሠራች በገበያው የምትሸጥ ሴት ናት። ሕፃን ሳለሁ ወባ አልጋ ላይ ባዋለኝ ክረምት የመጀመሪያዋን ለእኔ ሠርታ፣ ብቻዬን እንዳልፈራ ብላ በስሜ ገነቴ አለቻት። ከዚያ ወዲህ ከእጇ የወጣች አሻንጉሊት ሁሉ፣ ፀጉሯ ቃጫ፣ ግንባሯ እንደኔው ሰፊ፣ ስሟም ገነቴ ነው፤ ከዱራሜና ከቦኖሻ የሚመጣ ሰው እንኳ በስሟ ጠይቆ ይገዛታል።

አቶ ወንዳፈረው የተባሉት ነጋዴም አምና በስሟ ጠይቀው ገዝተዋት ነበር። ወስደው በፕላስቲክ አሠሯት፤ ስሙንም አዲስ አበባ ሄደው «የንግድ ምልክቴ ነው» ብለው አስመዝግበው፣ በጋዜጣ አስነግረው፣ እዚሁ ገበያችን ዳር ሱቅ ከፈቱ። እርስዎም ጋዜጣውን ባዩ ማግስት ሁለት የታጠቁ ዘበኞች አስከትለው የእናቴን አሻንጉሊቶች በጆንያ አስጭነው በመጋዘንዎ ቆለፉባቸው። ከአሻንጉሊቶቹ አንዳቸውም እጅ አልሰጥም አለማለታቸው የጥበቃዎን ጥንካሬ ያስመሰክራል።

አንደኛ፤ ሕጉን አልቃወምም፤ የሰው ምልክት መውሰድ ነውር መሆኑን እናቴ ከሁላችን ይልቅ ታውቃለች፣ የተወሰደባት እሷ ናትና። ቀድሞ ከወጣ ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ ሲባል እሰማ ነበር፤ ቀንዱ ጆሮውን በሌብነት ሲከስ ግን በእርስዎ ዘመን ማየቴ ነው፣ ስላሳዩን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ እናቴን ሌላ ስም አውጪና ሽጪ ስላሏት ለቸርነትዎ እናመሰግናለን። እኔም የገዛ ስሜን ይዤ መቀጠል እችል እንደሆነ ብጠይቅ፣ ጸሐፊዎ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ነጋዴውን አስፈቅጂ ብለውኛል።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በአገራችን ያገባች ሴት ለክብሩ ስትል የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም፣ እሱ በሌለበትም ቢሆን ዞር አድርጋ ነው የምታወራው። እርስዎ ገነቴ የሚለውን የነጋዴውን ስም በገበያው አትጥሩ ብለው ሲያዙ የገበያው ሴቶች ነገሩን በዚሁ ተረዱት፤ አቶ ወንዳፈረው የሁላችን አማት ሆነዋል ማለት ነው። አማት ከሆኑ ደግሞ ክብሩ ሙሉ ይሁን ተባባሉና የእርሳቸውንም ስም፣ የሱቃቸውንም፣ የሚሸጡትንም መጥራት ተዉ። ገበያተኛ ሱቃቸው የት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ደጃቸው ላይ ቅቤ የምትሸጠው ፋጡማ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ፕላስቲኮቹ አቧራ ለብሰው ቀሩ አሉ። ይህ አድማ አይደለም ጌታዬ፣ አክብሮት ነው፤ ዝምድናውን የፈጠሩልን እርስዎ ነዎት።

ቀልዱን ልተውና፣ እናቴ አሁን ባዶ መደብ ላይ ተቀምጣ ስትጠራኝ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ልጇን ለመጥራት ትፈራለች። ይህ አንገብግቦኛል፤ በሰላምታ ብጠቀልለው አልጠቀለል አለኝ። ስለዚህ መጋዘኑን አይጥ ሳይቀድመን ይክፈቱልን፤ ስሙንም ላወጣችው ይመልሱላት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመጋዘንዎም የተሻለ እስረኛ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ የምነሳ፣ ፈቃድ እስኪመጣልኝ ስሜን ከመፈረም የታቀብሁ፣

የአቶ ዋለ ልጅ

ከፊርማው በኋላ የታከለ፤ ሕግ አክባሪ ነኝና አንድ ጥቆማ ልስጥ። ትንሿ ልጅዎ ሣራ ስትወለድ እናቴ የሰጠቻትን፣ ፀጉሯ ተነጭቶ ያለቀውን አሻንጉሊት በነጠላ አዝላ እሑድ ዕለት ከደጃፍዎ ላይ ገነቴ፣ ገነቴ እያለች ስታስተኛ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘበኞቹን ግን አይላኩባት፤ እናቴን አዲስ ስም አውጪ እንዳሏት፣ ሣራንም እርስዎ ራስዎ ይበሏት።