ሮማን እንዳትሰማ

ሰኞ
ዛሬም ሽንቴ እምቢ አለኝ። ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። ያቃጥላል። ሐሙስ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለው ክሊኒክ ፈረንጅ ሐኪም ይመጣል አሉ። አማርኛ አይሰማም። የምታስተረጉምለት ነርሷ ሮማን ናት፣ ሟች ባለቤቴ ክርስትና ያነሳቻት፣ እጄ ላይ ያደገች። እሷ ፊት ስለ ሽንቴ ላወራ? መሬት ይዋጠኝ! ራሴ በእንግሊዝኛ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ
ሾላ ሄጄ ሰይድን ያዝኩት። የወሎ ሰው ነው፣ ቅመም ይሸጣል። በጉብዝናው ዘመን ኤደን ወደብ ለእንግሊዞች ሠርቷል። እኩያዬ ነውና ለሱ መንገሩ አላሳፈረኝም።
«አይ ደምሴ! የአማርኛውንስ ፊደል በመሠረተ ትምህርት በግድ አይደል የቆጠርከው?» ብሎ ሳቀብኝ።
«ካስተማርክ አስተምር፣ አለዚያ በርበሬህን መዝን» አልኩት።
አስተማረኝ። አይ ካንት ፓስ ዩሪን፣ መሽናት አቃተኝ። ኢት በርንስ፣ ያቃጥለኛል። ሰላምታውንም ጨመረልኝ። በኛ ፊደል ጻፍኩት። አብሬህ ልሂድ ቢለኝ፣ ልጅ ነኝ እንዴ አልኩት።

ረቡዕ
ውሃ መጠጣት ፈራሁ። ከእምብርቴ በታች ተወጥሯል። ቃሎቹን ግቢ ውስጥ እየዞርኩ ስል ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ «ጋሽ ደምሴ፣ ከማን ጋር ነው?» አለችኝ። ጸሎት ነው አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ
ጉድ ሆንኩ። ሮማንን «አንቺ ውጪ ቆዪ» አልኳት። ደንግጣ ወጣች። ፈረንጁ ተነሥቶ ጨበጠኝና «ሃው አር ዩ?» አለ። እኔም እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» አልኩ። ታዲያ ሰው እንዴት ነህ ሲባል፣ እግዜር ይመስገን ሳይል ሕመሙን ይዘረግፋል? መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት መጠያየቅ አለ። ትንሽ ይሰማኛል የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። የሆነ ነገር ጠየቀ፣ አልገባኝም። ላለማፈር ደግሜ ፋይን አልኩ። ደረቴን አዳመጠ፣ ግፊት ለካኝ፣ ቪታሚን ሰጠኝ፣ ሳቅ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። አለቀ። ያጠናሁት አፌ ውስጥ ቀረ።
ሮማን «አባባ፣ ነገሩት?» አለች። አዎ ብያት ሄድኩ።

ዓርብ
ጠዋት አንዲት ጠብታ የለም። ውይይት ታክሲው በነጠረ ቁጥር የምሞት መሰለኝ። ክሊኒኩ ደርሼ ሮማንን ጠራኋትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። «ሽንት ከለከለኝ» አልኳት።
«ሐኪሙ ደህና ነው አለኝ እኮ! ታዲያ ትናንት ለምን ደህና ነኝ አሉት?»
«ወጉ ነዋ!»
አልሳቀችም። ፈረንጁ ዛሬም ነበር፣ ሮጣ ነገረችው። የሽንት ቱቦ ይግባ አለ። የምታስገባው እሷ ናት። «ሌላ ሰው ልጥራልዎት?» አለች። ላቤ ይወርዳል። «ዝም ብለሽ ሥሪ» አልኳት። ሽንቴ ሲወርድልኝ አለቀስኩ። እሷ መስኮት መስኮቱን አየች።
ውስጤ ያበጠ ነገር አለ፣ ሰኞ ትልቁ ሆስፒታል ይታያል፣ ምናልባት ኦፕራሲዮን ነው አሉ። ሮማን አብሬዎት ልሂድ አለች። እምቢ ልላት ነበር።
«በጠዋት ነይ» አልኳት።
ፈርቻለሁ።